አሥራ አንድ ግራም ጭራ ላይ፦ ቀስ ብሎ የሚበር የሪሞት አውሮፕላን ሚዛንና ጥገና

የጎረቤቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው። አጎቱ ከውጭ ሲመጣ የሰጠውን የፎም አውሮፕላን ታቅፎ አንድ እሑድ ጠዋት በራችንን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ሞተሩ ደከመ መሰለኝ» አለኝ። «ትንሽ ሽቅብ ይልና አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ዝርግፍ ነው። ጠንከር ያለ ሞተር የት ይገኛል?»

«እስቲ አምጣው» አልኩት።

ሞተሩን አላየሁትም። ዓይኔ የሄደው ጭራው ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል፤ ፕላስተር በፕላስተር ላይ ተጠምጥሟል፣ መሃሉ የሆት ግሉ ጓል ነው፣ ከሥሩ የቀርከሃ ስንጥር ገብቷል። ወጌሻ ያሰረው እጅ ነው የሚመስለው። ሰፈራችን ወዳለው የቅመማ ቅመም ሱቅ ወስደን ባትሪው እንዳለ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፦ 431 ግራም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 420 ነው። «በቃ 11 ግራም? እሷ ምን ታደርጋለች!» አለ ልጁ።

11 ግራም ሞላ ሞላ ያሉ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ነው። ይህችን የምታህል ነገር እንዴት አውሮፕላን እንደምትጥል ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አውሮፕላኑ ሲወድቅበት ሞተሩን ወይም የራሱን እጅ የሚወቅስ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ያን ቀን ያልኩትን ሰብሰብ አድርጌ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

«ቀስ ብሎ የሚበር» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሬዲዮ ከሚታዘዙት የኤሌክትሪክ አውሮፕላኖች መካከል «ስሎው ፍላየር» የሚባሉት ለዝግታ የተሠሩ ናቸው። ክንፋቸው ሰፊና ከሥሩ ጎድጎድ ያለ፣ አካላቸው ከፎም የተሠራና ቀላል፣ ፕሮፔለራቸው ትልቅና ረጋ ብሎ የሚዞር ነው። አብዛኞቹ ክንፋቸው ላይ መሪ የላቸውም። ጭራው ላይ ያለው ቋሚ መሪ (ረደር) ግራና ቀኝ ያዞራቸዋል፣ አግዳሚው (ኤሌቬተር) አፍንጫቸውን ሽቅብና ቁልቁል ያደርጋል። ሁለቱ የክንፍ ጫፎች ወደ ላይ ቀና ያሉት ደግሞ አውሮፕላኑ ዘንበል ሲል ራሱን እንዲያቃና ነው።

ዝግታው የሚመጣው ከአንድ ቁጥር ነው፤ የክንፍ ጫና እንበለው። ክብደቱን ለክንፉ ስፋት ማካፈል ማለት ነው። የልጁ አውሮፕላን ክንፍ 110 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። 420 ግራሙን በዚህ ስፋት ላይ ብትዘረጉት፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነች እያንዳንዷ የክንፍ ቁራጭ 15 ግራም ብቻ ነው የምትሸከመው። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ከነሙሉ ጭነቱ ሲነሳ ያቺኑ የምታህል ቁራጭ ላይ 300 እጥፍ ገደማ ይጭናል። የኛይቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር እየሄደች አየር ላይ መቆየት የምትችለው ለዚህ ነው፤ ሐዋሳ አስፋልት ላይ ፈጠን ብሎ የሚነዳ ባለብስክሌት ይደርስባታል።

ዝግታ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ችግሩ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ አውሮፕላን ሁልጊዜ ለመውደቅ ከሚያበቃው ፍጥነት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የሚበረው። ትንሽ ስህተት የሚያርፍበት ትርፍ የለውም።

የሚዛኑ ነጥብ የት ነው?

የስበት ማዕከል ይባላል። አውሮፕላኑን በአንድ ጣት ብትደግፉት ወደ የትም ሳያዘነብል የሚቆምበት ቦታ ነው። ቃሉ የፊዚክስ ክፍልን ያስታውስ ይሆናል፤ ነገሩን ግን የከተማችን ባለጋሪዎች ሁሉ ያውቁታል።

ሁለት ጎማ ያለው የፈረስ ጋሪ ሲጫን አይታችሁ ከሆነ፣ ባለጋሪው ጆንያዎቹን እንዳገኘ አይወረውርም። ሸክሙ ከጎማው አክስል ወደ ኋላ ካመዘነ፣ ፈረሱ መሃላቸው የሚገባባቸው ሁለት እንጨቶች ወደ ላይ ይነሳሉ፤ ፈረሱ በሆዱ ይንጠለጠላል፣ እግሩ መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል። በጣም ወደ ፊት ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ይጨፈልቀዋል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ስለዚህ ሸክሙ ከአክስሉ ጥቂት ብቻ ፊት እንዲሆን ያደርጋል። አንዱን ጆንያ ገፋ፣ እንጨቱን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ ሞከር፣ ከዚያ «ሂድ!»

አውሮፕላን ላይ አክስሉ የክንፉ የማንሳት ኃይል የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሸክሙ ባትሪው፣ ሞተሩና ሌላው ሁሉ ነው። ፈረሱ ከፊት ደግፎ የሚይዘውን፣ እዚህ ጭራው ከኋላ ወደ ታች ተጭኖ ይይዘዋል። የስበት ማዕከሉም ከዚያ ቦታ ጥቂት ፊት መሆን አለበት።

በቁጥር ስንት ነው? የአውሮፕላኑ መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ፣ ክንፉን ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ለኩና ከፊት በኩል ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ውስጥ አድርጉት። 25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንፍ ይህ ከ6.25 እስከ 8.3 ሴንቲ ሜትር ነው። እኔ ለመጀመሪያ በረራ ከ7 አላልፍም።

አፍንጫው ትንሽ ከከበደ አውሮፕላኑ ይለግማል፣ ሁልጊዜ ኤሌቬተሩን መሳብ ይጠይቃል፣ ሲያርፍም ይፈጥናል። ቢሆንም ይታዘዛል። ጭራው ሲከብድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትንሽ ነፋስ አፍንጫውን ቀና ሲያደርገው ክንፉ የበለጠ ያነሳል፣ የበለጠ ሲያነሳ አፍንጫው ይብስ ይቀናል፣ መላሽ የለውም። መጨረሻው ስቶል ነው፤ ክንፉ ከልክ በላይ ቀና ብሎ አየሩ በላዩ ተለጥፎ መፍሰሱን ያቆምና የማንሳት ኃይሉ ይጠፋል። በምትሄድ ባጃጅ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ወደ ውጭ ብታወጡ ይህን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ትንሽ ቀና ስታደርጉት እጃችሁ ይነሳል፤ በጣም ስታቀኑት መነሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ብቻ ይገፋል። ልጁ «ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ዝርግፍ» ያለኝ ይኸው ነው።

11 ግራም ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጋለች?

ከርቀቱ የተነሳ። ጥገናው ያለው ከሚዛኑ ነጥብ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። 11 ሲባዛ በ60፣ 660 ይሆናል። ይህን ለጠቅላላው ክብደት፣ ለ431 ብናካፍል 1.5 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን፤ የስበት ማዕከሉ ያን ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። 7 ላይ የነበረው 8.5 ገባ፣ ሲሶውን አለፈ ማለት ነው። ባለጋሪ ቢሆን እንጨቱ ሲነሳ ያየው ነበር፤ ፎም ግን ምንም አያሳይም።

አሁን በፊት በኩል እናካክሰው ብንልስ? አፍንጫው ከሚዛኑ ነጥብ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። 660ን ለ25 ስናካፍል 26 ግራም ይመጣል። ጭራ ላይ የተጨመረ 1 ግራም አፍንጫ ላይ ከ2 ግራም በላይ ያስከፍላል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት፤ ሮጠው እርሳስ (መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን ብረት) አፍንጫው ላይ ይለጥፋሉ። አውሮፕላኑ ሚዛኑን ያገኛል፣ ግን ከብዷል፣ ስለዚህ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ሲወድቅ የበለጠ ይሰበራል፣ ስለዚህ የበለጠ ፕላስተር። እርሳስ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። መጀመሪያ ጭራውን አቅልሉ፣ ቀጥሎ ባትሪውን አንቀሳቅሱ።

ባትሪው 85 ግራም ያህል ነው፣ በላዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ትልቁ ሸክም እሱ ነው። 660ን በባትሪው ብቻ ለመመለስ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋት ያስፈልግ ነበር፤ ቦታው ግን ያለው 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ፕላስተሩን በጥፍር ላጥነው፣ የሆት ግሉውን ጓል በምላጭ ቀረፍነው። 8 ግራም ወጣ። የቀረችው 3 ግራም 180 ትሆናለች፤ ባትሪውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ገፋ አድርገን ጨረስን። አንዲት ግራም እርሳስ አላስገባንም።

እንዴት ነው የሚለካው?

አውሮፕላኑ ለበረራ እንደሚነሳ ሆኖ፣ ባትሪው በቦታው ገብቶ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ባትሪውን ቻርጅ ላይ ትቶ ሚዛን የሚፈልግ ሰው በየጊዜው አጋጥሞኛል። ክንፉ ሥር፣ ከአካሉ ግራና ቀኝ፣ በለካችሁት ርቀት ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ሁለት ጠቋሚ ጣቶቻችሁን ምልክቶቹ ላይ አድርጋችሁ አንሱት። ክንፉ ከአካሉ በላይ የሆነ አውሮፕላን እንዲህ ሲያዝ እንደ ሚዛን ድፋት ተንጠልጥሎ ይረጋል። ክንፉ ከሥር የሆነ ከሆነ ግን ገልብጣችሁ ለኩት፣ አለዚያ ጣታችሁ ላይ መቆም አይችልም። አፍንጫው በጣም በትንሹ ወደ ታች ካዘነበለ ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው።

ጣት ይንቀጠቀጣል የሚል ሰው ሁለት ላጲስ ያላቸውን እርሳሶች ጣውላ ላይ አቁሞ መደገፊያ ይሥራ። ቤት ውስጥ፣ በር ዘግታችሁ። ነፋስ ካለ የምትለኩት ነፋሱን ነው።

ይህ ግራና ቀኙን አይጨምርም። አፍንጫውን አንድ ሰው፣ የጭራውን ጫፍ ሌላ ሰው በጣት ይዛችሁ አንዱ ክንፍ ሁልጊዜ የሚወርድ ከሆነ፣ በሌላው ክንፍ ጫፍ ላይ ሚስማር ወይም ሳንቲም መሰግሰግ ይበቃል።

አየር ላይስ እንዴት ይታወቃል?

መጀመሪያ ያለ ሞተር። ሣሩ በዛ ያለበት ሜዳ ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብላችሁ፣ አፍንጫውን አድማስ ላይ አድርጋችሁ ለስለስ ባለ ግፊት ልቀቁት፤ መወርወር አይደለም፣ መልቀቅ ነው። በቀጥታ ተንሸራትቶ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ካረፈ ደህና ነው። ወዲያው አፍንጫውን ከተከለ ፊቱ ከብዷል። ቀና ብሎ ቆሞ ከወደቀ ጭራው ከብዷል።

ሁለተኛው ሙከራ በቂ ከፍታ ላይ ነው። አውሮፕላኑ በቀጥታ እንዲበር ካስተካከላችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉና ቁልቁል በመጠኑ አዘንብላችሁ መሪውን ልቀቁት። ቀስ ብሎ ራሱን ካቃና ተስማሚ ነው፤ ዘሎ ሽቅብ ካለ አፍንጫው ይከብዳል፤ እየባሰበት ከሄደ ጭራው ይከብዳል፣ ያን ጊዜ ቶሎ ሳቡት።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሞተር ሲጨመር ብቻ አፍንጫው ሽቅብ የሚሄድ፣ ሞተር ሲቀነስ ደግሞ ደህና የሚሆን ከሆነ፣ ጥፋቱ የሚዛን አይደለም፤ የሞተሩ አቅጣጫ ነው። ከላይኛው ብሎኖች ሥር ቀጭን ሮንዴላ አስገብታችሁ የሞተሩን ፊት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሉት።

ፕሮፔለሩም ሚዛን አለው?

አለው። መኪናችሁ ፍጥነት ስትጨምር መሪው ሲንቀጠቀጥ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ጎማውን ባላንስ ታስደርጋላችሁ አይደል? ፕሮፔለርም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር መዞሩ ነው። አንዱ ምላስ ከሌላው ትንሽ ከከበደ ሞተሩ ይርገበገባል፣ ብሎኖች ይላላሉ፣ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች (ሰርቮ) ጥርሶቻቸው ያልቃሉ፣ ፎሙ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ለስላሳ ቀጭን ብረት በመሃል ቀዳዳው አስገብታችሁ ሁለት ብርጭቆ ጠርዝ ላይ አሳርፉት። የሚወርደው ምላስ ከባዱ ነው። ጀርባውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሻሹ መሞከር፣ ወይም ቀላሉ ምላስ ላይ ትንሽ ስኮች መለጠፍ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ስታቆሙት ባለበት ከቀረ ጨርሳችኋል። ጠርዙ የተሸረፈ ፕሮፔለር ላይ ግን አትድከሙ፤ ይጣል። ፕሮፔለሩ ሞተር ላይ ታስሮ ባትሪ ከተሰካ ደግሞ እጅም ፊትም ከፊቱ አይደረግም፤ ፕላስቲክ ነው ብሎ የናቀ ጣቱን ተሰፍቷል።

(ጎሚስታ ካነሳን አይቀር፣ አፍንጫ ላይ ክብደት መጨመር የግድ ከሆነ የጎማ ባላንስ ማድረጊያ ተለጣፊዎቹ ቁርጥራጮች ከሁሉ ይመቻሉ። 5 ግራም፣ 10 ግራም እየተባለ ተጽፎባቸዋል።)

ሐዋሳ ላይ ለምን ሌላ ጠባይ ያመጣል?

ሐዋሳም አዳማም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። የቀትር ሙቀት 30 ዲግሪ ሲገባ ይብስ ይሳሳና ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ወፍራም አጥሚት ውስጥና ንጹሕ ውኃ ውስጥ ማንኪያ ማዞር ልዩነቱን ይነግራችኋል፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው፣ ክንፉ የሚደገፍበት ነገር ቀጥኗል። ባሕር ዳርቻ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን እዚህ በሞቃት ቀን በ18 ገደማ ያደርጋል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን መሬት ሲመታ ያለው ጉልበት 30 በመቶ ያህል ጨምሯል።

የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየር ስላነሰው አይታፈንም። ስለዚህ መፍትሔው ፕሮፔለሩ ላይ ነው። ፕሮፔለር ላይ 10×4.7 ተብሎ ከተጻፈ፣ 10 ኢንች ከጫፍ ጫፍ ርዝመቱ ነው፤ 4.7 ደግሞ አንዴ ሲዞር በስሌት ደረጃ ወደ ፊት የሚሄደው ኢንች ነው። እዚህ 11×4.7 ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሁለት ደቂቃ አብርሩና አርፋችሁ ሞተሩን ንኩት፤ አምስት ሰከንድ መያዝ ካቃታችሁ በዝቶበታል፣ ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። አዳማ እንኳ ነፋሷ ለመብራት ማመንጫ የተመረጠ ከተማ ናት፤ ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቿ 51 እና 153 ሜጋ ዋት ናቸው። እዚያ ቀርፋፋ አውሮፕላን ይዞ የወጣ ሰው ፊቱን ወደ ነፋሱ ካዞረ ወደ ኋላ ሲበር ሊያየው ይችላል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሐይቁ ሰዓት ይጠብቃል። ፀሐይ የብሱን ከውኃው ቀድማ ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር ይነሳል፣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ ከተማው ይገባል። ስለዚህ ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው።

የነፋስ መለኪያ አያስፈልግም፣ አባ ኮዳዎች አሉ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ሲጠባበቁ የሚውሉት እነዚያ ግዙፍ ወፎች ሰነፍ ናቸው፤ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የሚወጡበት የሞቀ አየር እስኪነሳ ይጠብቃሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው ክብ እየሠሩ ሽቅብ ሲሄዱ ካያችሁ፣ አየሩ መናወጥ ጀምሯል። የኛ ሰዓት አልቋል፤ የእነሱ ነው።

ቦታን በተመለከተ አሻንጉሊት ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በሬዲዮ የሚበር ነገር ሁሉ የፈቃድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ስለዚህ ሲቪል አቪዬሽንንም የአካባቢውን የጸጥታ ሰዎችም ቀድሞ መጠየቅ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሰው ስብስብና ከመብራት ሽቦ መራቅ ግን ፈቃድ ኖረም አልኖረም ነው።

ሲሰበር በምን ይጠገናል?

ፎም ሁሉ አንድ አይደለም። ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የምናየው ነጩ ተሰባሪ ፎም በማስቲሽና በተራ ሱፐር ግሉ ይቀልጣል፤ እንደ ቅቤ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ታያላችሁ። ታጥፎ የሚመለሰው ለስላሳው ዓይነት አይቀልጥም። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ከውስጥ በኩል የማይታይ ቦታ ላይ አንዲት ጠብታ ሞክሩ። የትኛውንም ፎም የማያቀልጠው የአናጺዎች ነጭ ኮላ ነው። ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ግን ሲደርቅ አብዛኛው ውኃው ተንኖ ቀላል ሆኖ ይቀራል። ሆት ግሉ ይፈጥናል፣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል። እኔ ከክንፉ ፊት ለፊት ላለ ስብራት እንጂ ለጭራ አልጠቀምበትም።

ስብራቱ ንጹሕ ከሆነ ሁለቱን ፊት እንደተሰበረ መልሶ መግጠም ነው፤ አትሞርዱት። መጠናከር ካለበት ቀጭን ስንጥር ወደ ውስጥ አስገቡ፣ በላዩ ላይ ፕላስተር አትጠምጥሙ። ቁርጥራጭ ስኮች ከተለጠፈም አንድ ዙር ይበቃል።

የተጨፈለቀ አፍንጫ ሌላ ዘዴ አለው። ለስላሳው ፎም ውስጡ ትንንሽ የአየር ኳሶች ናቸው፤ ሙቀት ሲያገኙ መልሰው ያብጣሉ። ያን እሑድ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ልጁ የአውሮፕላኑን ፊት ጀበናው አፍ ላይ ካለው እንፋሎት ራቅ አድርጎ እያዞረ ያዘው፤ የተሰረጎደው ቦታ ቀስ እያለ ሲነፋ አይቶ «ጋሼ፣ ተነሳ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ግን የቡናዋን እንፋሎት ማንም እንዲነካባት አልወደደችም፣ ለሁለተኛው ዙር ማንቆርቆሪያ ሰጠችን። ነጩ ተሰባሪ ፎም ላይ ይህን አትሞክሩ፤ ይጨማተራል።

ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ሚዛን። ልጁ አሁን ከደብተሩ ጀርባ ቀን፣ ቦታና ግራም ይጽፋል።

የሐዋሳ አቧራ የተለየ ቅጣት ነው። ከተማዋ ያረፈችው የጥንት እሳተ ገሞራ ገንዳ ውስጥ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ አመድና ቀላል ድንጋይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አውሮፕላኑ በሆዱ ካረፈ በኋላ ሞተሩን በእጅ አዙሩት፤ ከተንኮሻኮሸ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ጥርስ ባለው የድሮ ዓይነት ሞተር ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ዘንጉ ላይ ይበቃል። ፕሮፔለሩ በላስቲክ ቀለበት የታሰረ ከሆነ ላስቲኩን በየወሩ ቀይሩ፤ ፀሐይ ያደርቀዋል።

ባትሪው ለምን ያስፈራል?

ሊፖ ይባላል፣ ከሊቲየም የተሠራ ነው። ለክብደቱ ብዙ ጉልበት ይይዛል፣ ሲበላሽ ደግሞ ያንኑ ጉልበት በእሳት ይለቀዋል። አንዱ ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ባለ ሦስት ሴሉ ከ12.6 ጀምሮ 9 ላይ ድንበሩ ነው ማለት ነው፤ እኔ ግን እስከዚያ አላደርሰውም።

ስንት ደቂቃ ልብረር? 1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ካላችሁና አውሮፕላኑ በአማካይ 5 አምፒር ከሳበ፣ ሰማንያ በመቶውን ብቻ ብትጠቀሙ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ስልካችሁ ላይ የ8 ደቂቃ ደወል ሙሉ። ባትሪው ሲደክም የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሞተሩን ይቆርጠውና ለመሪዎቹ ጥቂት ጉልበት ያስቀራል፤ ያን ጊዜ ማረፍ ብቻ ነው።

ቻርጅ የሚደረገው ለሊፖ በተሠራና ሴሎቹን እኩል በሚያደርግ ቻርጀር ብቻ ነው፤ ለ1,000ው 1 አምፒር ይበቃዋል። የስልክ ቻርጀር፣ የባጃጅ ባትሪ፣ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን የፈጠረው ሽቦ አይሆንም። እኛ ቤት ቻርጅ የሚደረገው ክዳኑ ገርበብ ያለ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው እያየው ነው። መብራት ከጠፋ ነቅሎ መጠበቅ። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ካልበረራችሁ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡት፤ ሙሉውን መደርደሪያ ላይ ማሳደር ያስረጀዋል። ሆዱ የተነፋ ባትሪ አይበሳም፣ አይጨመቅም፣ «አንዴ ብቻ» ተብሎም አይበርም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ እዚያ ፎሙም ይጣመማል።

ከመነሳቱ በፊት ምን ይታያል?

ሪሞቱ መጀመሪያ ይከፈታል፣ መጨረሻ ይዘጋል፤ ተገላቢጦሹ ሞተሩን ሳትፈልጉ ሊያስነሳው ይችላል። መሪዎቹ በትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሳቸውን ዓይታችሁ አረጋግጡ፤ ሰርቮ ሲቀየር ግራና ቀኝ የሚገለባበጠው ብዙ ጊዜ ነው። የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው የሪሲቨሩ ቀጭን ሽቦ አይቆረጥም፣ አይጠቀለልም። ክንፉን የያዘው ላስቲክ ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅስ?

ፎም ስለሆነ ይንሳፈፋል። ከሰዓት በኋላ ከሆነ የሐይቁ ነፋስ ራሱ ወደ ዳር ያመጣላችኋል። ጠዋት ከሆነ ግን ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃ ሊሆን ስለሚችል ወደ መሃል ይሄዳል፤ ተከትላችሁ እንዳትገቡ። ሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለው፣ ጉማሬም ፎም ለመሰብሰብ የመጣን ሰው ከሌላው አይለይም። ጀልባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ለምኑ።

ሲመጣ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉና ከቤት ውጭ፣ ከሚነድ ነገር ርቆ ጥቂት ሰዓት ይቀመጥ። ሪሲቨሩና መቆጣጠሪያው ውኃቸው ተራግፎ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይድረቁ። ሞተሩ ይድረቅ፣ ዘንጉ ላይ ዘይት ጠብ ይበልለት። ፎሙ ስንጥቅ ካለው ውኃ ይዞ ይሆናል፤ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። የልጁ አውሮፕላን ባለፈው ወር ከሐይቁ ስትወጣ 447 ግራም ነበረች። በሦስተኛው ቀን 423 ገባች፣ በአራተኛው በረረች።